መሪውን የነካች እጅ

ዳባት፣ የካቲት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ አንሙት፣

እግርህ እንዴት ነው? እጅህንስ አልጠይቅም፤ ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፈ እጅ ደህና ነው ማለት ነው። ቤቷ ወስዳ የምታስታምምህ እህትህ ይርገዱስ? ልጆቿስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ዳባትም ደህና ናት፣ ብርዱም እንደምታውቀው ነው። መልሱ ስለዘገየብህ ይቅር በለኝ። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ሳርም ከረምኩና ደብዳቤህ ከወረቀቱ ክምር ሥር ተቀብሮ ቀረ። ዋሸሁ። አልተቀበረም። ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጨንቆኝ ነው።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። የጥምቀቱን የብስክሌት ውድድር ያሸነፈው ያርጋል ነው። አንተ ቁልቁለቱ ላይ ስትወድቅ እሱ ከፊት ስለነበር ምንም አላየም። አለነና እኔ ወርደን አንተን ስናነሳ እሱ ደባርቅ ገብቶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሲጨፍር ነው መርዶውን የነገሩት። እያለቀሰ ነው የተመለሰው፤ እንዳትቀየመው። ካልሲውን ግን አሁንም አላጠበውም። አምና በጥምቀት ካሸነፈበት ቀን ጀምሮ ውሃ ያልነካው ያ ካልሲ ዘንድሮም ስላሸነፈ፣ ከእንግዲህ የሚያሳጥበው ሰው የለም። ወፍጮ ቤቱ እህል ይዘው የሚመጡ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ነው ወረፋ የሚጠብቁት። ለጎንደሩ ውድድር ደግሞ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቷል። እዚህ ሲሆን ውሃ ቀጂዎቹን አስቀድሞ ለምኖ ባዶ ጀሪካን ይዞ መንገዱን የሚያቋርጥበት ሰው እንዳይኖር ያደርጋል፤ የጎንደርን ውሃ ቀጂዎች ማን እንደሚለምንለት እንጃ።

አለነም እንዳለ ነው። ብስክሌቱን ገልብጦ አይጠግንም፤ እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለች ብስክሌት የሞተች ናት ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ጎማ እስኪቀይር ድረስ ሁለት ሰዎች ብስክሌቱን ተሸክመንለት ቆምን። አንደኛው እኔ ነበርኩ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር እንደማላምን ታውቃለህ፤ ወገቤን ግን አመመኝ።

ብስክሌትህ ያርጋል ወፍጮ ቤት ተቆልፎባት ተቀምጣለች። አንተ በመኪና ወደ ጎንደር ከተወሰድክ በኋላ ያርጋል ራሱ ከጎማዋ እስከ ደወሏ መርምሯት አንድም እንከን አላገኘባትም፤ ፍሬኗም ይይዛል ብሏል። ስለ ብስክሌቷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ሰብሌን ቀለበቱን እንድትመልስ ላክህባት የሚባለው እውነት ነው? ያን ዕለት ጠዋት እዚህ ዳባት መነሻው ላይ መሪህን ይዛ «በርታ» ስላለችህ ብቻ? ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው ብለህ እኔን ሚዜ አድርገህ ኮት እንዳሰፋ አዝዘኸኝ አልነበር? እባክህ ሰው የጨመረበት ወሬ ነው በለኝ።

ያንተው ደምለው

ባሕር ዳር፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ይርገዱም ሰላም ብላሃለች። ጀሶው ሊወጣልኝ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ በኋላ በምርኩዝ መለማመድ ነው። ከሥሩ ያሳክከኛል፣ ሌላ ችግር የለብኝም።

ወሬው የሰው ጭማሪ አይደለም። ቀለበቱን አስመልሻለሁ።

የምትለኝን አውቀዋለሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ በየቀበሌው እየዞርኩ ገበሬውን ቀን አትቁጠር፣ ዝናቡን አይተህ ዝራ የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ አትስበከኝ። ግን በሕጋችን የተማማልነው አራታችን ነን። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ከወጣንበት ሰዓት ጀምሮ መድረሻው እስክንደርስ ድረስ መሪያችንን ከራሳችን በቀር ማንም አይነካም። ሦስት ዓመት ሙሉ አክብሬዋለሁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልወደቅኩም። ያን ዕለት ሰብሌ ነካችው፤ ያን ዕለት ወደቅኩ። አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ፣ ደምርልኝ።

እንዴት እንደወደቅኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኩህም። ደባርቅ ከመግባታችን በፊት ቁልቁለቱን ስጀምር ያርጋልን ልደርስበት ጥቂት ነበር የቀረኝ። ኩርባው ላይ ፍሬኑን ጨበጥኩት። እስከ መጨረሻው ነው የጨበጥኩት፣ ጣቶቼ እስኪነጡ ድረስ። ብስክሌቷ ግን እንዳልጨበጥኳት ሁሉ ወረደች። ያርጋል ፍሬኑ ይይዛል ካለ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ምን ነክቶት ነው ያልያዘው? ከሰብሌ እጅ በቀር የማስበው ነገር የለኝም።

ክፉ ሰው አድርገህ አትየኝ። እወዳታለሁ። ከወደድኳት አራት ዓመቴ ነው። ግን ፈርቻለሁ። ምግብ ስታቀርብልኝ፣ ልጄን ስትታቀፍ፣ በየቀኑ እጇን እያየሁ የምሳቀቅ ባል ልሆንባት አልፈልግም። ከዚያ አሁን መለያየቱ ይሻላል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እንደ ልማዳችን የውድድሩ ዋዜማ ብስክሌቴን ያየህልኝ አንተ ነህ፤ ያንተንም ያየሁት እኔ ነኝ። እስቲ አስታውስ። የላላ ነገር ነበር? ያለቀ ነገር ነበር? አንዲት ነገር ነበረች ብትለኝ ቀለበቱን ነገውኑ እልክላት ነበር።

አንሙት

ዳባት፣ መጋቢት 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ አንሙት፣

ጾሙን እንዴት ያዝከው? ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ብትባልም እምቢ እንደምትል አውቃለሁ፤ ይርገዱ ወተት ስትሰጥህ አታኩርፍባት። አጥንት ያለ ወተት አይጠገንም ብላ ብትቆጣህ እውነቷን ነው።

ደምርልኝ ስላልከኝ ደመርኩልህ። በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ውድድር አድርገናል። በመስከረሙ ውድድር የአለነ ወንድም መሪህን ይዞ ውሃ ስትጠጣ ጠብቆልሃል፤ አልወደቅክም። አምና ደግሞ መነሻው ላይ አንዲት ፍየል ቀንዷን መሪህ ላይ አሳረፈች፤ አራታችንም አይተናል፤ አልወደቅክም። እንዲያውም ሁለተኛ ወጣህ። የፍየሏ ቀንድ ያላጠፋውን የሰብሌ እጅ በምን ያጠፋል? አንድ ነገር ከአንድ ነገር በኋላ ስለመጣ ብቻ የመጀመሪያው የሁለተኛው ምክንያት አይሆንም። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በዓመት ሁለት ጊዜ አስተምራለሁ፤ እነሱም እንዳንተ አይገባቸውም።

ሰብሌ እንዴት ናት ብለህ አልጠየቅከኝም። ቢሆንም ልንገርህ፤ ልብህ እየጠየቀ እንደሆነ አውቃለሁና።

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤት ጉዳይ ደባርቅ ሄጄ ነበር። በዚያው ልጠይቃት ብዬ ሰብሌ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ጎራ አልኩ። የክትባት ቀን ነበር። እንደምታውቀው ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ በአንዱ ሰብሌ፣ በሌላው ዘቢደር ተቀምጠው ሕፃናቱን ይከትባሉ። የዘቢደር ወረፋ ከበሩ አልፎ አጥሩ ጋ ደርሷል፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የሰብሌ ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው። ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰው የለውም። ዘቢደር «ወደዚያ እለፉ፣ ልጆቹ በፀሐይ አለቁ እኮ» ብትላቸው ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ምን አለቻት መሰለህ፦ «ተይኝ እቴ፣ እዚሁ እቆያለሁ። የዚያችኛዋ እጅ አይቀናም አሉ። የገዛ እጮኛዋን የሰበረች እጅ አይደለችም?»

ሰብሌ ሰምታለች። ቀና ብላ እኔን ስታየኝ ሳቀችልኝ። ባትስቅ ይሻለኝ ነበር። መርፌዎቹን በመስመር ደረደረቻቸው፣ ከዚያ መልሳ በታተነቻቸውና እንደገና ደረደረቻቸው።

ስወጣ እናቷን እትዬ በለጠችን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እጄን ይዘው፦ «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። እስቲ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ፤ ይቺ ልጄ በዚህ እጇ ምን አድርጋ ነው? እኔን የምታጥብ፣ እኔን የምታጎርስ እጅ ናት። ምነው እኔ አልተሰበርኩ?» አሉኝ።  «እግዜር ያውቃል እናቴ» ብዬ አለፍኩ። እንዲህ ብዬ ማለፌ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እባክህ ቢያንስ ለያርጋልና ለአለነ ደብዳቤ ጻፍላቸውና የእጇን ነገር እንዲተዉ ንገራቸው። ወሬው ከእነሱ ነው የወጣው።

ያንተው ደምለው

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ስለ ፍየል ጻፍክልኝ። ስለ ወተት ጻፍክልኝ። ስለ ተማሪዎችህ ጻፍክልኝ። የጠየቅኩህን አንዷን ነገር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልካት።

ስለ ሰብሌ የነገርከኝን ያነበብኩ ቀን ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ፤ ይርገዱ እግሬን አሞኝ መሰላት። እንዲህ እንዲሆን አልፈለግኩም። እኔ የተናገርኩት ለሦስት ሰዎች ነው፤ ለያርጋል፣ ለአለነና ለአንተ። ወሬው እናቶች ጆሮ ይገባል፣ ልጅ የምታክምበትን እጅ ያስጠላባታል ብዬ አላሰብኩም። ለያርጋልና ለአለነ ጽፌላቸዋለሁ። ያርጋል ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «እሺ ዝም እላለሁ፤ ግን ብስክሌቷን በገዛ እጄ ነው የመረመርኳት፣ ፍሬኗ እንደ አዲስ ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ነበር?» አለኝ። 

ሰብሌ ምንም አላጠፋችም ብዬ ገበያ መሐል እንድናገር ከፈለግክ ምክንያት ስጠኝ። በውሸት ላጽናናት አልችልም። እሷም ውሸቴን ታውቅብኛለች።

ብስክሌቷን ለያርጋል ንገረውና ይሽጣት። ከእንግዲህ አልወጣባትም።

አንሙት

ዳባት፣ መጋቢት 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ አንሙት፣

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥር። አመመኝ ብዬ ክፍል ሳልገባ ቀርቻለሁ፤ ተማሪዎቼ በደስታ ሲጮኹ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ብስክሌትህ ላይ አንድ ነገር ነበረ። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በመስቀል፣ በኅዳርና በገና ሦስቱንም ውድድር ያሸነፍኩት እኔ እንደሆንኩ ታስታውሳለህ። ሦስቱንም ያሸነፍኩት ቸርኬውን ይዘው በሚያቆሙት በእነዚያው የፍሬን ጎማዎች ነው። ከመስቀሉ በኋላ ልቀይራቸው አስቤ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ዕድሌ እነሱ ላይ የተጣበቀ መሰለኝ። ኅዳር ላይ ሳሸንፍ ጥርጥር አልቀረኝም። ገና ላይማ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ማስቀመጥ ጀመርኩ። የያርጋልን ካልሲ የማላግጥበት፣ የአለነን ብስክሌት ተሸክሜ የምስቅበት እኔ፣ ከሦስታችሁም የባስኩ አማኝ ነኝ። እናንተ በአደባባይ ታደርጉታላችሁ፤ እኔ ተደብቄ ነበር የማደርገው።

የጥምቀቱን ውድድር አሸንፈህ ጎንደር እንድትወዳደር ምን ያህል እንደፈለግኩ አታውቅም። እኔ ሦስቴ አሸንፌያለሁ፣ አሁን ተራው የአንሙት ይሁን አልኩ። ዋዜማውን ብስክሌትህን ላይልህ ስወስዳት ያንተን አዲሶቹን የፍሬን ጎማዎች ፈታሁና የእኔን ገጠምኩልህ። አልነገርኩህም፤ ዕድል ሲሰጡት ካወሩበት ይሸሻል ብዬ። አልቀው ነበር አንሙት። ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም ነበር። ለሜዳ ይበቃሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ አላሳፈሩኝም አልኩ። አንተ ግን ከእኔ ትከብዳለህ፣ ቁልቁለትም እንደ እኔ እየፈራህ አትወርድም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። አንተን መኪና ላይ ጭነው ሲወስዱህ አለነ አብሮህ ሄደ፤ ብስክሌትህ እኔ ጋ ቀረች። ያርጋል ከደባርቅ እስኪመለስ መንገድ ዳር ብቻዬን ነበርኩ። ያንተ ጎማዎች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። መልሼ ገጠምኳቸው።  ያርጋል ፍሬኗ እንደ አዲስ ነው ያለህ አልዋሸህም፤ አዲስ ጎማ ነው ያየው። የእኔን ገደል ውስጥ ወረወርኳቸው።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ትጠይቀኛለህ። መጀመሪያ ይዳን፣ ሲድን እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ የሰብሌ ነገር መጣ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ያኔ ግን መናገር ፍሬን ማበላሸቴን ብቻ ሳይሆን ሰው በእሷ ሲፈርድ ዝም ብዬ ማየቴንም መናገር ሆነብኝ። አንድ ሳምንት ባለፈ ቁጥር የባሰ ከበደኝ። በፍየልና በስሌት ላሳምንህ የሞከርኩት ለዚህ ነው፤ እኔን ሳላወጣ እሷን ላወጣት ፈልጌ ነው። እትዬ በለጠች እጄን ሲይዙኝ የያዙት ያን እጅ ነበር።

ጠላኝ ብትል መብትህ ነው። ሰብሌን ግን አትተዋት። ይህን ደብዳቤ ለፈለግከው ሰው አሳየው።

ደምለው

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልሰጥህም። ሌላ ሳምንት ቢሆንም አልሰጥህም ነበር።

ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት የጻፍኩትን ሁሉ ስለቀደድኩት ነው። ስድብ ብቻ ነበር። አሁን ስድቡ አልቆብኛል፤ ንዴቱ ግን አላለቀም። ጎማው አይደለም ያናደደኝ። ጎማውን ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው ይገባኛል፤ እኔም የሚያሸንፍ ነገር ቢኖረኝ ላንተ አደርገው ይሆናል። ያናደደኝ መልሰህ መግጠምህ ነው። እኔ እግሬ ተሰብሮ መኪና ላይ ስጮህ አንተ ቁልፍ ይዘህ ቡሎን ታጠብቅ ነበር። ከዚያ «እግርህ እንዴት ነው» እያልክ ጻፍክልኝ።

ይርገዱ ደብዳቤህን አንብባ አለቀሰች። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ደብዳቤህን ገልብጬ፣ ቀለበቱን ጨምሬ፣ አጥፍቻለሁ ይቅር በይኝ ብዬ ለሰብሌ ላክኩላት። ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው አገኘሁ የሚባለው ሾፌር በአራተኛው ቀን ቀለበቱን መልሶ አመጣልኝ፤ አብሮት አንዲት ወረቀት ነበረች። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«አንሙት፣ ደምለው የጻፈውን አነበብኩ። እንኳን እውነቱ ታወቀ። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍሬኑ ደህና ቢሆን ኖሮስ?

ለደምለውም ንገረው። ይህን የጻፈው ለአንተ ነው። ልጆቻቸውን ከእኔ የሚያሸሹት እናቶች ደብዳቤ አያነቡም።»

ይኸው ነው። ስሟን እንኳ አልጻፈችበትም።

እኔን የጠየቀችኝን ገና አልመለስኩም። ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ ቀላል ይመስለኛል፣ እስክሪብቶ ሳነሳ ይጠፋብኛል። ላንተ ያለችውን ግን አስረክቤሃለሁ። ከእንግዲህ ያንተ ፈንታ ነው።

አንሙት

ዳባት፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ወንድሜ አንሙት፣

ወንድሜ ማለቱን ተው ካልከኝ እተዋለሁ፤ እስክትለኝ ድረስ ግን አልተውም። እንኳን አደረሰህ። ያለ ምርኩዝ መራመድ መጀመርህን ከሾፌሩ ከአገኘሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ተናግሬያለሁ።

እሁድ በዳግማይ ትንሣኤ ደባርቅ ሄጄ አስቀደስኩ። ከቅዳሴ በፊት መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ፈልጌ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳቸው። ሰው ሳይበተን ልናገር ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ ስለ ብስክሌት በዚህ አውደ ምሕረት ተነግሮ አያውቅም። ስለ ሐሜት ግን ሁልጊዜ ይነገራል። እሱን አስቀድምና ተናገር» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ምን ምን እንዳልኩ አሁን በደንብ አላስታውሰውም።  ያርጋልና አለነ ከፊት ቆመው ነበር፤ ያርጋል መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ሰብሌ ከእናቷ ጋር ከሴቶቹ በኩል ነበረች። ወደዚያ ለማየት ድፍረት አላገኘሁም።

ስጨርስ አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው፦ «እንዲያ ከሆነማ እጀ ክፉው አንተ ነሃ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መምሬ እንኳ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ፈገግ አሉ። «አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ። እጅ ክፉ አይሆንም ብዬ ላስተምራቸው ነበር የሄድኩት፤ እነሱ ግን ክፋቱን ከሰብሌ እጅ አንስተው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። ያርጋል ብስክሌቱ አጠገብ ስቆም በዘዴ ወደ ሌላ በኩል ያዞራታል። ትናንት ዳባት ገበያ እንቁላል ልመርጥ ጎንበስ ስል ሻጯ ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «እኔው ልምረጥልህ ጌታዬ» አለችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳባት ገብቷል። ተማሪዎቼ ደግሞ ጠመኔ ስሰጣቸው በሁለት ጣት ነው የሚቀበሉኝ። አንዳንዴ ያስቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ሰብሌ ይህን ሦስት ወር ሙሉ እንደተሸከመችው አስባለሁ። እሷ ደግሞ ምንም አላደረገችም ነበር።

ሰብሌን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋት። አላመሰገነችኝም፣ አልተቆጣችኝም። «ደግ አደረግክ። ዘገየህ እንጂ» አለችኝና ሄደች። እትዬ በለጠች ግን ቆም ብለው ብዙ አዩኝ፤ ከዚያ «እግዜር ይፍታህ» አሉኝ። ከልባቸው ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ትናንት የክትባት ቀን ነበር። ማምሻውን ዘቢደር ስልክ ደውላ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስጠራችኝ። ሰብሌ ጠረጴዛ ጋ አራት እናቶች ተቀመጡ አለችኝ። የዘቢደር ወረፋ አሁንም ይበልጣል፤ ግን አራት ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ያቺ «እጇ አይቀናም» ያለችው ሴት ናት። ልጇ ሲወጋ እንደማንኛውም ልጅ ጮኸ፣ እሷም እንደማንኛዋም እናት ጡት አጉርሳ ይዛው ሄደች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ጸሐፊዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ሰብሌ ለጠየቀችህ ጥያቄ መልሱ ይጠፋብኛል ብለሃል። እኔ ልመልስልህ አልችልም። ብችልም አልመልስልህም፤ የሰውን ብስክሌት ተደብቆ ማስተካከል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

ደምለው

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይርገዱ ይህን ቃል ካልጻፍክ ደብዳቤውን አላሳልፍልህም ብላኝ ነው የጻፍኩት፤ ግን አሁን ስጽፈው እንዳሰብኩት አልከበደኝም።

አውደ ምሕረት ላይ መቆምህን ከአንተ ቀድሞ አለነ ጽፎልኛል። አሮጊቷ ያሉትን ሳነብ ሳቅኩ፤ ከወደቅኩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ የእንቁላሉን ነገር ካንተ ሳነብ ሳቄ ቆመ። ይቅር ብያለሁ ብዬ ልጽፍልህ ብሞክር ገና ውሸት ይሆንብኛል። ወደ ደባርቅ ስሄድ ዳባት ላይ አልወርድም፤ አውቶቡሱ ሲቆም መጥተህ አትጠብቀኝ። ስመለስ እወርዳለሁ። እራት አዘጋጅ።

ለሰብሌ መልስ ጻፍኩላት። ስምንት ቀን ፈጀብኝ፤ የወጣው አንድ መስመር ተኩል ነው። «ፍሬኑ ደህና ቢሆን ኖሮ ዛሬም እጅሽን እከስ ነበር። ይህን ስላወቅኩ በራሴ አፍሬያለሁ» አልኳት። ቀለበቱን አላኩትም፣ አግቢኝም አላልኳትም። ይህን ካነበበች በኋላ እንደማትፈልገኝ ገምቼ ነበር። ይርገዱማ «ምነው ትንሽ ባሳመርከው» ብላ ተቆጣችኝ።

ትናንት መልሷ መጣ። «እስከ ዛሬ ከጻፍክልኝ ሁሉ ያመንኩህ ይህን ነው» ትላለች። ቀለበት ይዤ እንዳልመጣ፣ ሽማግሌም እንዳልልክ ነግራኛለች። ቅዳሜ የደባርቅ ገበያ ሰው በሞላበት ሰዓት መጥቼ፣ ሁሉም እያየ፣ እጇን ጨብጬ ሰላም እንድላት ነው የምትፈልገው። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን ብላለች።

ዓርብ እሳፈራለሁ። እግሬ አሁንም ያነክሳል፤ ገበያተኛው ሁሉ ማንከሴንና እጇን አንድ ላይ ያያል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ እጇን ሳስብ ትንሽ እፈራለሁ። ቢሆንም እጨብጠዋለሁ።

አንሙት